ጎርፍ የገባበትን ቤት እንዴት እናድርቅ? እንዴትስ እንጠግን?

ጎንደር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ጎርፍ ምን ያደርጋታል የሚል አይጠፋም። ክረምት ላይ አንገረብና ቀሃ ሲሞሉ ያላየ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ሁለቱ ወንዞች ከተማዋን ግራና ቀኝ ይዘው ቁልቁል ይወርዱና ወደ መገጭ ይገባሉ፣ መገጭ ደግሞ ደምቢያን አቋርጦ ጣና ይገባል። ከተማው ውስጥ መሬቱ ዳገት ስለሆነ ጎርፉ ድንገት ይመጣል፣ ደለሉን ጥሎ ቶሎ ይሄዳል። ደምቢያና ፎገራ ሜዳ ላይ ግን ውሃው ተኝቶ ይሰነብታል። ለቤቱ የሚብሰው ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም ግድግዳው እስኪጠግብ ይጠጣል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበላችሁ። ወለሉ ደረቀ ማለት ቤቱ ደረቀ ማለት አይደለም። ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ውሃ የገባበትን ቤት ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል እናድርስ ብሎ መለሰንና ቀለም መቀባት የተለመደ ነው። ጎርፉን ችሎ የቆመ ስንት ቤት በዚህ ጥድፊያ ነው የሚበላሸው። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ክፈሉት። አሁን ማጽዳትና መክፈት፣ ጥገናው በበጋ።

ከመግባታችሁ በፊት

ውሃው ጎደለ ብላችሁ ዘላችሁ አትግቡ። መጀመሪያ ቤቱን ከውጭ ዙሩት። ግድግዳው ሆዱን ነፍቷል? ከመሠረቱ ሥር አፈሩ ተጠርጎ ሄዷል? የበሩ መቃን ዘሟል? አንዱን እንኳ ካያችሁ ግንበኛ ወይም አናጺ ሳያየው መግባት የለም። የራሰ ጭቃ ቤት ውሃው እያለ ቆሞ፣ ውሃው ከሄደ ከቀናት በኋላ ሊደረመስ ይችላል።

ቀጥሎ መብራት። ቆጣሪው ጋ ደረቅ መሬት ረግጣችሁ መድረስ ከቻላችሁ ዋናውን ብሬከር አውርዱ። ካልቻላችሁ አትንኩት፣ መብራት ኃይል ደውሉና ከፖሉ ያቋርጡላችሁ። መብራት ስለሌለ ምንም አይለኝም ማለት አያዋጣም፣ ሄዶ የሚመጣበትን ሰዓት ማን ያውቃል!

ቦት ጫማና ጓንት አድርጉ። የመጣው የወንዝ ውሃ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ የስንቱን ሽንት ቤት አጥቦ ነው የመጣው። ሕፃናት እስኪጸዳ ዘመድ ወይም ጎረቤት ቤት ይቆዩ። ሚስማር ወይም ቆርቆሮ ከወጋችሁ ወይም ከቆረጣችሁ ቁስሉን በሳሙና አጥባችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሊያስፈልጋችሁ ይችላል።

ዕቃ ከማንሳታችሁ በፊት ደግሞ በስልክ ፎቶ አንሱ። ግድግዳው ላይ ውሃው የደረሰበትን መስመር በሜትር ለኩና ጻፉት። ለቀበሌ ለማመልከት ይጠቅማል፣ ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ከአከራይ ጋር ማን ምን ይክፈል የሚለው ጭቅጭቅ ሲመጣ ያግዛችኋል። ያቺ መስመር ለጥገናውም ስለምታስፈልግ ልኬቷን አትጣሉት።

ውሃውን ማስወጣት፣ ደለሉን መጥረግ

ባልዲ ይዛችሁ ወደ ውስጥ ከመሮጣችሁ በፊት ውጭውን ጨርሱ። በዳገቱ በኩል ቦይ ቆፍሩና የሚመጣው ውሃ ቤቱን ዞሮ እንዲያልፍ አድርጉ። አለበለዚያ እናንተ ስትቀዱ እሱ ይሞላል።

ደለል እርጥብ እያለ ነው የሚጠረገው። ከደረቀ ዶማ ይፈልጋል፣ ዶማው ደግሞ ሊሾውን ይዞት ይነሳል። በአካፋ አውጡና በባሬላ አርቃችሁ ድፉት። ግድግዳው ሥር መከመር አይሆንም፣ እርጥበቱ ተመልሶ ይገባል። ብሎኬት ቤት ከሆነ ቀሪውን በውሃ እጠቡት። ጭቃ ቤት ላይ ግን በጎማ ውሃ መልቀቅ ጎርፉን መድገም ነውና በመጥረጊያና በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ጨርሱት።

የላስቲክ ምንጣፍ ካለ ዛሬውኑ ይነሳ። ከላይ ጥርግ ብሎ ሲታይ ከሥሩ ያለው ውሃ ወራት ይቀመጣል። ሴራሚክ ከሆነ በሳንቲም እያንኳኳችሁ ሂዱ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ሥሩ ለቋል ማለት ነው፣ እሱን አንሱት።

የሚጣልና የሚተርፍ

ይሄ የሚያጨቃጭቅ ክፍል ነው፣ በተለይ ከእናቶች ጋር። የስፖንጅ ፍራሽ ይጣላል። ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሲወጣ የደረቀ ይመስላል እንጂ ውስጡ የገባው ቆሻሻ አይወጣም። የጥጥ ፍራሽም እንደዚያው። የቺፑድ ቁምሳጥን አብጦ ከተሰነጠቀ አይመለስም። የዋንዛ ወይም የጽድ ዕቃ ግን ይተርፋል፣ ታጥቦ ጥላ ላይ ቀስ ብሎ ይድረቅ፣ ፀሐይ ላይ ካወጣችሁት ይጣመማል።

ውሃ የነካው ጤፍ፣ ዱቄት፣ ሽሮ፣ በርበሬ ይደፋ። ማዳበሪያው ከላይ ደረቅ ነው ብላችሁ እላዩን ለመቅዳት አትሞክሩ፣ የሻገተ እህልና በርበሬ የሚያመጣው መርዝ ጉበት ነው የሚጎዳው፣ በመቀቀልም አይጠፋም። መሶብም፣ ያሳዝናል፣ ይጣላል። ስፌቱ ውስጥ የገባውን ፍሳሽ አጥቦ የሚያወጣው የለም። ድስት፣ ብርጭቆ፣ ሳህን፣ ጀሪካን በደንብ ታጥበው ይተርፋሉ።

የቤት ካርታ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የድሮ ፎቶ ጭቃ ከነካቸው በንጹሕ ውሃ ቀስ ብላችሁ አለቅልቋቸውና አንድ በአንድ ጥላ ላይ ዘርጉ። የተጣበቀውን በኃይል አትለያዩ። በዚያን ቀን መድረስ ካልቻላችሁ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ የጎረቤት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት፣ እዚያ አይሻግትም፣ ሲመቻችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ፍሪጅ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ቴሌቪዥን ስለደረቀ ብቻ አይሰካም። ኤሌክትሪሺያን ከፍቶ ይየው። ውሃ የደረሰበት ሶኬትና ብሬከር ግን ይቀየራል እንጂ አይጠገንም።

ማጠብ

ሳሙና ይቀድማል፣ በረኪና ይከተላል። ጭቃ ላይ በረኪና ማፍሰስ ገንዘብ ማፍሰስ ነው፣ ቆሻሻው ኃይሉን ይጨርሰዋል። ከታጠበ በኋላ 1 ብርጭቆ በረኪና ከ9 ብርጭቆ ውሃ ጋር ደባልቃችሁ ሊሾውን፣ ሴራሚኩን፣ የብረት በሩን ቀቡትና ወደ 10 ደቂቃ ቆይታችሁ አለቅልቁ። መስኮት ክፈቱ። በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር በጭራሽ አትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። የጭቃ ግድግዳ ላይ ደግሞ በረኪና መቀባት ውሃ መጨመር ነው እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም።

ግድግዳው

አሁን ወደ ዋናው መጣን።

ጭቃ ቤት ከሆነ መጀመሪያ ጣሪያውን የተሸከመውን በባላ ደግፉ። ከዚያ ያቺን የለካችኋትን መስመር አምጡና ከሷ አንድ ስንዝር ከፍ ብላችሁ እስከ ታች ድረስ የራሰውን ምርጊት በውስጥ በኩል ቅረፉት። አንድ ግድግዳ ሳይጨርሱ ሌላ አይጀመርም። ቋሚውና ማገሩ ሲገለጥ አየር ያገኛል። ቋሚው ከመሬት የሚገናኝበትን ቦታ በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርጉት። ጠንካራ ባሕር ዛፍ አይበሳም። ካቻቢቴው እንደ ቅቤ ከገባ በስብሷል ወይም ምስጥ ጨርሶታል፣ ይቀየር።

ዛሬ ዛሬ ከተማው ውስጥ ጭቃ ቤት በሲሚንቶ ተለስኖ ብሎኬት መስሎ ይታያል። ያምራል፣ እውነት ነው። ጎርፍ ሲመጣ ግን ጭቃው ከሥር ይጠጣል፣ የሲሚንቶው ልስን ደግሞ እንዳይተነፍስ ያፍነዋል። ከውጭ ምንም የሌለ ይመስላችኋል። በጣታችሁ አንኳኩ፣ ባዶ ድምፅ ካለው ውስጡ ሟሙቶ ወርዷል። ልስኑ ከታች ይነሳ፣ ቢያስጠላም ይነሳ።

ብሎኬት ቤት ያላችሁ ደግሞ አትዝናኑ። ብሎኬት ባዶ ሆድ አለው፣ ውሃው እዚያ ውስጥ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በድሪል በየብሎኬቱ ቀዳዳ አውጡ። ሲንጠባጠብ ታያላችሁ፣ አንዳንዱ ቀኑን ሙሉ። መብራቱ ተቋርጦ እያለ የጎረቤት ገመድ እየጎተታችሁ እርጥብ ወለል ላይ በድሪል አትሥሩ፣ መዶሻና መሮ ይበቃል።

ማድረቅ

በክረምት ጠዋት ፀሐይ ሲኖር በርና መስኮቱን በሁለት በኩል ክፈቱ፣ ነፋሱ ይለፍ። ዝናብ ሲጀምር ዝጉ። ዕቃ ግድግዳ አታስጠጉ። ሻጋታ በአንድና በሁለት ቀን መነሳት ስለሚጀምር ቤቱን ቆልፎ ዘመድ ቤት ሄዶ መክረም ከሁሉም የከፋ ነው። የሻገተውን በደረቁ አትፈግፍጉ፣ አቧራው ይተነፈሳል። አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ በሳሙናማ ጨርቅ ጥረጉት።

ከሰል አንድዶ፣ በር ዘግቶ ቤቱን ማድረቅ የሚባል ነገር አለ። እባካችሁ ተዉት። የከሰል ጭስ ባይታይም ሽታ የሌለው መርዝ ጋዝ አለው፣ ተኝቶ የቀረ ሰው ስንት ነው። ለማድረቅም ቢሆን ሙቀት ብቻውን አይበቃም፣ እርጥቡ አየር መውጣት አለበት።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? ግንበኞች በግምት የሚጠቀሙበት ሒሳብ አለ፣ ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ገደማ። በሁለት በኩል የሚተነፍስና ነፋስ የሚያገኝ ግድግዳ ይፈጥናል፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ግን ክረምቱንና መኸሩን ሊወስድ ይችላል። ለዚህ ነው ኅዳርን ጠብቁ የምለው።

በዓይን አትፍረዱ፣ ሞክሩት። ጥርት ያለ ላስቲክ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ቁረጡና አራቱን ጠርዝ በፕላስተር አጥብቃችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉ። በማግስቱ ግለጡት። ላስቲኩ ውስጥ ጤዛ ከቋጠረ ወይም ግድግዳው ከጠቆረ ገና ነው። ወለሉንም እንዲሁ። ውሃ በደረሰበት ከፍታ ላይና ከታች ጥግ ላይ ለየብቻ ሞክሩ፣ ጥጉ ሁልጊዜ ይዘገያል።

እስከዚያው የምትጠጡት ውሃ

ቧንቧም ቢሆን ከጎርፍ በኋላ ለጊዜው ማፍላት ይሻላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል እንጂ ሙቀቱ ያነሰ ነው፣ ጎንደር ደግሞ ከ2000 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ጎርፍ የገባበት የጉድጓድ ውሃ ተቀድቶ፣ ተጠርጎ፣ በክሎሪን ሳይታከም አይጠጣም። መጠኑን የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጠይቁ።

በበጋ፣ ጥገናው

ስንጥቅ ካያችሁ ወዲያው አትድፈኑ። የታችኛው አካባቢ መሬት ዋልካ ነው፣ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ቤቱንም ይዞት ይንቀሳቀሳል። የስንጥቁን ሁለት ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ቀኑን ጻፉበት። ከወር በኋላ እዩት። ካለፈው ምልክት ከዘለለ አሁንም እየሄደ ነው፣ መሠረቱን የሚያይ ባለሙያ ጥሩ። ከቆመ ይደፈናል።

የጭቃውን ግድግዳ በጭቃ መልሱት። አፈሩና የጤፍ ጭዱ ተረግጦ ጥቂት ቀን ይቡካ፣ ከዚያ በስሱ እየደረባችሁ መርጉ፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብ። ላዩ ላይ ሲሚንቶ ከማልበስ ኖራ ይሻላል። ኖራ እርጥበት ያስወጣል። የፋሲል ግንብ ድንጋይም የተያያዘው በኖራ ነው፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ስንት ክረምት እንደወረደበት እናንተው ቁጠሩ። ከታች ያለው አንድ ሜትር የድንጋይ መሠረት ቢሆን ደግሞ ለሚቀጥለው ክረምት ትልቅ እፎይታ ነው። አቅም ካለ እዚያ ላይ አውጡት፣ ሴራሚኩ ይቆይ።

ኤሌክትሪሺያኑ ሲመጣ ሶኬቶቹን ከውሃው መስመር በላይ ያንሳቸው። ሽቦውም ከወለል ወደ ላይ ከሚሄድ ከኮርኒስ ወደ ታች ይውረድ።

ቀለም የመጨረሻው ነው። የላስቲኩ ሙከራ ደረቅ ካላለ አትጀምሩ፣ በመጀመሪያው ዓመት ደግሞ ፕላስቲክ ቀለም ይቅርና በኖራ ነጭ ቀቡት። ቁምሳጥንና አልጋ ስትመልሱ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቁ፣ ጀርባቸውንም በየጊዜው እያጮለቃችሁ እዩ።