ክላሚዲያ በጅማ ስንት ሰው ላይ አለ? ቆጠራው እንዴት እንደሚሰራ

ክላሚዲያ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ፣ ዝምተኛ በሽታ ነው። ከተያዙ ሴቶች አብዛኞቹ፣ ከወንዶችም ግማሽ ያህሉ ምንም አይሰማቸውም። ፈሳሽ የለም፤ ሲሸኑ ማቃጠልም የለም። ስለዚህ የጤና ጣቢያ መዝገብ ገልጦ «ከተማችን ውስጥ ይህን ያህል ሰው አለበት» ማለት አይቻልም። መዝገቡ የያዘው አሞት የመጣውን ነው። ደህና ነኝ ብሎ ቤቱ የተቀመጠውን አያውቀውም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ 129 ሚሊዮን አዲስ ኢንፌክሽን እንደነበረ ገምቷል። እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ሳይታከም የቆየ ክላሚዲያ የማህፀን ቱቦን ሊዘጋ ይችላል። ከዓመታት በኋላ «መካን» ተብላ ጣት የሚቀሰርባት ሴት መቼ እንደተያዘች እንኳ አታውቅም። ምናልባት ያመጣው ባልየው ነው፤ እሱም አላወቀም።

ለማኅበረሰብ ልምምድ ነጭ ጋውን ለብሳችሁ ሰፈር ለሰፈር የምትዞሩ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ወይም እንዲህ ያለ ጥናት አንብባችሁ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» የምትሉ ሁሉ፣ መንገዱ እነሆ።

1. ማንን ነው የምትቆጥሩት?

ጅማ አንድ ዓይነት ሕዝብ የላትም። ለእርግዝና ክትትል የመጡ ሴቶች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ለቡና ለቀማ ከሩቅ የመጡ ሠራተኞች፣ መጠጥ ቤት ውስጥ በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶች አሉ። ከመጠጥ ቤት የተገኘው ቁጥር የጅማ ቁጥር አይደለም። አንዱን ቡድን ምረጡ፣ ስሙን በግልጽ ጻፉ፣ ከሌላው ጋር አትደባልቁት።

ብዙዎች ነፍሰ ጡሮችን ይመርጣሉ፤ ለማግኘት ቀላል ናቸው። ነገር ግን ልብ በሉ። ክላሚዲያ መውለድ የከለከላት ሴት እርግዝና ክትትል አትመጣም። በሽታው በጣም የጎዳቸው ሴቶች ከቆጠራው ወጡ ማለት ነው። ወንዶቹም የሉበትም።

2. ስንት ሰው ያስፈልጋል?

ለምሳሌ 8 በመቶ ያህል እናገኛለን ብላችሁ ጠበቃችሁ እንበል። የተለመደው የ5 በመቶ ስህተት እዚህ ላይ ብዙ ነው። ውጤታችሁ ከ3 እስከ 13 በመቶ ባለው መካከል ይዋልላል፤ ይህ ለማንም አይጠቅምም። ስህተቱን ወደ 2.5 በመቶ አጥብቡት። ስሌቱ 1.96 በ1.96 (1.96 ለ95 በመቶ እርግጠኝነት የሚወሰደው ቁጥር ነው)፣ ሲባዛ በ0.08፣ ሲባዛ በ0.92 (ከበሽታው ነጻ የሆኑት ድርሻ)፣ ከዚያ ለ0.025 ካሬ ማካፈል ነው። 453 ሰው ይመጣል። እምቢ ለሚሉት 10 በመቶ ስትጨምሩ ወደ 500 ይጠጋል።

3. አመራረጥ

ፈቃደኛ የሆነውን ብቻ እየለቀማችሁ አትውሰዱ። በቀን 20 እናቶች ከመጡና 5 መመርመር ከቻላችሁ በየአራተኛዋ ያዙ፤ የመጀመሪያዋን በዕጣ። ሳምንቱን በሙሉ ሥሩ። የጅማው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከድሮ ጀምሮ ስሙ የታወቀ ነው፤ በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣው ሰው ከሌላው ቀን ይለያል። መጠይቁ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይዘጋጅ፤ የተተረጎመውን ሌላ ሰው መልሶ ይተርጉመውና ይመሳከር።

4. ናሙና

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለተለመደው የሽንት ምርመራ «የመጀመሪያውን አፍስሰህ የመሃሉን አምጣ» እንባላለን። ለክላሚዲያ ተቃራኒው ነው። የሚፈለገው መጀመሪያ የሚወጣው ሽንት ነው፤ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ከዚያ በፊት ቢያንስ ለ1 ሰዓት አለመሽናት ያስፈልጋል። ዕቃውን እስከ አፉ የሞላ ሰው ናሙናውን አቅጥኖታል፤ ጀርሙ ሊያመልጥ ይችላል።

ለሴቶች ከሽንት ይልቅ ከብልት በጥጥ ዘንግ የሚወሰድ ናሙና ይሻላል። ራሷ ብትወስደውም ባለሙያ ከወሰደው እኩል ይሠራል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አልጋ ላይ ወጥቶ መታየት የምታፍር ብዙ ናትና።

5. የትኛው ምርመራ?

ፒሲአርን የመሰለ፣ የጀርሙን ዘረመል የሚፈልግ ምርመራ ምረጡ። ፈጣን የምርመራ ኪቶች ርካሽ ናቸው፤ ግን በርካታ ሕሙማንን ሳያገኙ ያሳልፋሉ። የደም ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ደግሞ ሰውየው አንድ ወቅት ተይዞ እንደነበር ይናገራል እንጂ ዛሬ እንዳለበት አያረጋግጥም። ሁለት ጥናቶች ሲራራቁ መጀመሪያ ይህንን እዩ። አንዱ በደም፣ ሌላው በፒሲአር ከሠራ ሁለቱን ማወዳደር አይቻልም።

ገንዘብ ካጠረ አምስት አምስት ናሙና ደባልቃችሁ መርምሩ። ድብልቁ ነጻ ከሆነ አምስቱም ነጻ ይባላሉ፤ ካልሆነ እያንዳንዱ ለየብቻ ይታያል። በሽታው 8 በመቶ ላይ ካለ 500ውን ሰው በ270 ገደማ ምርመራ ትጨርሳላችሁ። ላቦራቶሪው አሠራሩን አስቀድሞ ይሞክረው፤ ሲደባለቅ ደካማ ናሙና ሊያመልጥ ይችላል።

6. ስሌቱ

500 ተመርምረው 40 ሰው ከተገኘበት 8 በመቶ ነው። ብቻውን አትጻፉት። እውነተኛው ቁጥር ከ5.6 እስከ 10.4 በመቶ ባለው መካከል ሊሆን እንደሚችል አብራችሁ አስቀምጡ። ስንት ሰው እምቢ እንዳለም ጻፉ።

ምርመራው ራሱ ይሳሳታል። ከ100 ሕሙማን 90ውን የሚይዝ፣ ከ100 ጤነኞች 2ቱን በስህተት ሕሙማን የሚል ከሆነ፣ ያ 8 በመቶ ሲታረም ወደ 6.8 ይወርዳል።

7. ከሁሉም የሚቀድመው

በመጨረሻ ጻፍኩት እንጂ ሥራው የሚጀመረው ከዚህ ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳይገኝ፣ መድኃኒቱ ሳይገባ አንድም ናሙና አይወሰድ። በናሙናው ላይ ስም ሳይሆን ኮድ ይጻፍ፤ ጅማ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ለአዋቂ የተለመደው ሕክምና ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም በቀን 2 ጊዜ ለ7 ቀን ነው። ለነፍሰ ጡር አዚትሮማይሲን 1 ግራም በአንድ ጊዜ ይሰጣል። መድኃኒቱን የሚያዘው ባለሙያ ነው። የፍቅር ጓደኛ ወይም የትዳር አጋርም አብሮ ይታከም፤ ለ7 ቀን ግንኙነት ይቁም። ከ3 ወር በኋላ እንደገና ለምርመራ የሚመለሱበት ቀን ካርዳቸው ላይ ይጻፍላቸው።