መጀመሪያ እርሻው፣ ቤቱ ይደርሳል

«መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሥራና ስለ ሀብት ምን ይላል?» ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን «እመን፣ ይትረፈረፍልሃል» የሚል ስብከት ነው። መጽሐፈ ምሳሌን የገለጠ ሰው ግን የሚያገኘው በሬ፣ በግ፣ ሚዛንና ዋስ ነው። እስቲ ከዚህ ወር ጀምሮ ልትሞክሯቸው የምትችሉትን ልንገራችሁ። ሰነፉን «ከጉንዳን ተማር» የሚለውን ምክር ሁሉም ስለሚያውቀው አልፌዋለሁ።

ከምዕራፍ 24 ቁጥር 27 ጀምሩ። መጀመሪያ የውጭ ሥራህን ጨርስ፣ እርሻህን አሰናዳ፣ ቤትህን ከዚያ በኋላ ሥራ ነው የሚለው። በጥንቷ እስራኤል ይህ ቀልድ አልነበረም። በጋው ዝናብ የለውም፣ መሬቱ ደርቆ ይከርማል፣ ዝናቡ በጥቅምትና በኅዳር ግድም ሲጀምር ነው እርሻው የሚነሳው፣ ያኔ ደግሞ ይበርዳል። ምዕራፍ 20 ቁጥር 4 ላይ ያለው ሰነፍ ብርዱን ሰበብ አድርጎ ሳያርስ ቀረ፣ በመከር ጊዜ ለልመና ወጣ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908 በጥንቷ የእስራኤል ከተማ በጌዝር ፍርስራሽ ውስጥ የተገኘች ትንሽ የኖራ ድንጋይ አለች፣ ዕድሜዋ ወደ 3,000 ዓመት ይገመታል። ላይዋ ላይ ዓመቱ የተከፋፈለው በሥራ ነው፦ የዘር ወራት፣ የገብስ አጨዳ ወር እያለ ይቀጥላል። አንዱ ወር ካመለጠህ የሚቀጥለው አይጠብቅህም።

ስለዚህ ገንዘብ የሚያመጣውን አስቀድሙ። ልብስ ስፌት ልትጀምሩ ከሆነ የስፌት መኪናው ይቀድማል፤ የሱቁ ቀለምና የደንበኛ ሶፋ ይደርሳል።

ቀጥሎ ምዕራፍ 14 ቁጥር 4። እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄንን ነው። በሬ ከሌለ ግርግሙ ንጹሕ ነው፣ ብዙ ምርት የሚገኘው ግን በበሬ ጉልበት ነው ይላል። በሬ ካለ እበት አለ፣ መኖ አለ፣ ጠዋት ጠዋት መጥረግ አለ። እና ሠራተኛ ከመቅጠራችሁ ወይም ባጃጅ ከመግዛታችሁ በፊት «መኖውን» በወረቀት አስሉት፦ ደሞዝ፣ ነዳጅ፣ ጥገና፣ ሥራ የሚፈታበት ቀን። ካዋጣ ግቡበት፣ ከዚያ በኋላ ግን ስለ እበቱ አታማርሩ።

ምዕራፍ 27 ቁጥር 23 የበጎችህን ሁኔታ በደንብ እወቅ ይላል። የዛሬው በግ ደብተር ላይ ነው ያለው። እሁድ ማታ ቁጭ ብላችሁ በእጃችሁ ያለውን፣ ያለባችሁን ዕዳና በዱቤ የሰጣችሁትን ለየብቻ ጻፉ። ዱቤውን እንደ ጥሬ ገንዘብ የሚቆጥር ነጋዴ መክሰሩን የሚያውቀው ኪራይ ሲጠየቅ ነው።

አንድ ነገር ግን፦ ደሃውን ሁሉ ሰነፍ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ምዕራፍ 13 ቁጥር 23 የድሃው እርሻ ብዙ ምግብ ሊያወጣ እየቻለ ግፍ እንደሚያስቀርበት ይናገራል። ይህን ጥቅስ መድረክ ላይ ብዙም ሲጠቀስ አልሰማም።

የመጨረሻው ዋስትና ነው፣ ምዕራፍ 6 ከቁጥር 1 እስከ 5። ይሉኝታ ይዞን ስንቶቻችን ፈርመናል! ገና ካልፈረማችሁ፣ ዋስ የምትሆኑለት ሰው ባይከፍል ከኪሳችሁ ከፍላችሁ መኖር ትችሉ እንደሆነ አስቡ፤ ካልቻላችሁ «አልችልም» በሉ። ከፈረማችሁ ደግሞ ጽሑፉ ሂድ፣ ለምነው፣ ነዝንዘው፣ ሳትላቀቅ እንቅልፍ እንዳይወስድህ ነው የሚለው። ዛሬውኑ ደውሉለት፣ ስንት እንደቀረው ጠይቁት፣ ዋሱን በሌላ ሰው ወይም በንብረት የሚተካበትን ቀን ቁረጡ።