«ዘይት ጠፋ» በእንግሊዝኛ፦ ስኬርስ (scarce) የት ይገባል?

አንድ ጊዜ የምሳ ክበባችን ጥብስ ለምን እንዳቆመ ለፈረንጁ አለቃዬ በኢሜይል ሳስረዳ «ዘ ኦይል ኢዝ ሎስት» ብዬ ጻፍኩ። «መጨረሻ ያያችሁት የት ነበር?» ብሎ መለሰልኝ።

ችግር፦ ከገበያ የጠፋ ዕቃ እንደጠፋ ቁልፍ ይፈለጋል።

ምክንያት፦ የኛ «ጠፋ» የማይሸከመው የለም። ልጅ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ ዘይት ይጠፋል፤ ወዳጅም ሲገናኝ «ምነው ጠፋህ?» ይባባላል። ስለ ዕቃ ሲሆን ሎስት የሚባለው የት እንደገባ ያልታወቀው ነው።

መፍትሄ፦ በስንት ፍለጋ የሚገኝ ከሆነ «ኦይል ኢዝ ስኬርስ» በሉ። ጭራሽ ካለቀባችሁ «ዊ ሃቭ ረን አውት ኦፍ ኦይል»። ስኬርስ ሲባል ጥቂት አለ ማለት ነው። ባለሱቁ «የለም» ካለ በኋላ፣ ለደንበኛው ከመደርደሪያው ጀርባ በፌስታል ጠቅልሎ የሚያወጣት ዘይት አለች አይደል? እሷ ናት ስኬርስ። (ስካርስ ብላችሁ አትጥሩት፤ ወደ ጠባሳ ይሄድባችኋል።)

ችግር፦ «ዜር ኢዝ ኤ ስኬርስ ኦፍ ሹገር።»

ምክንያት፦ እጥረት ስም ነው፣ ስኬርስ ግን ቅጽል። አንዱን አንስተን በሌላው ቦታ ስናስቀምጥ ዓረፍተ ነገሩ ያነክሳል።

መፍትሄ፦ ስም ካስፈለገ ሾርቴጅ አለ፦ «ዜር ኢዝ ኤ ሾርቴጅ ኦፍ ሹገር»። ስኬርሲቲም ስም ነው፤ ኢኮኖሚክስ የተማሩት ግን ከሾርቴጅ ይለዩታል። ሾርቴጅ ማለት ባለው ዋጋ ፈላጊው ከአቅርቦቱ ሲበልጥ ነው፤ ዋጋው ሲጨምር ወይም ዕቃው ሲገባ ሊያልፍ ይችላል። ስኬርሲቲ አያልፍም፤ የሰው ፍላጎት ሁሌም ካለው ሀብት ይበልጣልና። የኢኮኖሚክስ ምሁሩ ሊዮኔል ሮቢንስ በ1932 እ.ኤ.አ. ለኢኮኖሚክስ በሰጠው ትርጉም ውስጥ የገባችውም ይቺው ስኬርስ ናት። ለስኳር ወረፋ ሾርቴጅ ይበቃል። ሾርትን ከመረጣችሁ «ዊ አር ሾርት ኦፍ ሹገር» ነው፤ «ዊ ሃቭ ሾርት» አይባልም። ብቻውን «ሾርት» ካላችሁማ እኛ ሰፈር ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጠራል።

ችግር፦ ዋልያን ስኬርስ ማለት።

ዋልያ ከስሜን ተራሮች ሌላ አገር የለውም፣ ድሮም በየሜዳው አይገኝም። እሱ ሬር (ብርቅ) ነው። በተራ ንግግር ስኬርስ ብዙ ጊዜ የሚባለው ትናንት በየሱቁ የነበረ፣ ዛሬ ግን የሚያንከራትት ነገር ነው።

ችግር፦ «አይ ዶንት ስኬርስሊ ኖው ሂም።»

ስኬርስሊ እንደ «እምብዛም» ነው፣ አሉታው ከውስጡ አለ። እኛ «እምብዛም አላውቀውም» ስለምንል እጃችን ዶንት ይጨምራል። አውጡት፤ «አይ ስኬርስሊ ኖው ሂም» ይበቃል።

አንድ ቀን ደግሞ አንዱ «ሜክ ዮርሰልፍ ስኬርስ» ቢላችሁ ስለ ዘይት እያወራ አይደለም። ከዚህ ጥፉ እያላችሁ ነው። ስኬርስ ከኛ «ጠፋ» ጋር የተስማማው እዚህ ጋ ነው።