ቢሮ ውስጥ ማርሻል አርት ስታስጀምሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሮ ለሚውል ሰው ማርሻል አርት ትልቅ ስጦታ ነው። የተሳሰረ ዳሌ ይፍታታል። የጎበጠ ትከሻ ይቃናል። ሩጫ የሚሰለቸው ሰው እንኳ ፓድ (ሌላ ሰው በእጁ የሚይዝለትን ወፍራም የመምቻ ትራስ) መምታት አይሰለቸውም። ግን በሞቅታ ተጀምሮ በሁለት ወር ውስጥ የሚከስም ፕሮግራም አይቻለሁ። ሁልጊዜም ጥፋቱ የስፖርቱ አልነበረም፤ የአጀማመሩ ነው።

ስልቱን በዝናው መምረጥ

አንዱ ኃላፊ ቴሌቪዥን ላይ ፍልሚያ ያያል፤ "እሱን እናምጣ" ይላል። መጀመሪያ መታየት ያለባቸው ግን ሰልጣኞቹ ናቸው። ወገቡን የሚያመው ስንት ነው? ስፖርት ከሠራ ዓመታት ያለፉትስ? ካራቴና ቴኳንዶ ማንም ሰው ሳይነካችሁ ብቻችሁን የምትሠሯቸው ብዙ ልምምዶች አሏቸው። ታይ ቺ ደግሞ ዝግ ያለ ነው። ባለ 24 እንቅስቃሴው አጭር ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1956 ቻይና ውስጥ የተዘጋጀው ተራው ሕዝብ በቀላሉ እንዲሠራው ታስቦ ነው። ጁዶና ጁጂትሱ ግን መያያዝና መሬት ላይ መታገል አለባቸው። ግሩም ስፖርቶች ናቸው፤ ለመጀመሪያ ሙከራ ግን አልመርጣቸውም።

ወለሉን መርሳት

የስብሰባ አዳራሹን ወንበር ገፍቶ ሴራሚክ ላይ እርስ በርስ መጣጣል አይቻልም። ጁዶ ውስጥ ከመጣል በፊት መውደቅን ነው የሚማሩት። ያውም በወፍራም ምንጣፍ ላይ። ምንጣፍ ከሌለ መጣል የለም፣ በቃ። ካለ ደግሞ ከእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ በኋላ በፀረ ተህዋስ ይጽዳ። ጭርት በምንጣፍና በቆዳ ንክኪ በቀላሉ ይተላለፋል።

ጤናን ሳይጠይቁ መጀመር

የልብ ችግር፣ የደረት ሕመም፣ የደም ግፊት፣ እርግዝና፣ በቅርብ የተደረገ ቀዶ ሕክምና፣ የጉልበት ጉዳት። እነዚህን የሚጠይቅ አጭር ቅጽ ይበቃል። አጠራጣሪ ነገር ካለ መጀመሪያ ሐኪም ይማከር። መልሱን ማየት ያለበት አሠልጣኙ ብቻ ነው። ወደ ሠራተኛው የግል ማኅደር ከገባ በሚቀጥለው ጊዜ እውነቱን የሚጽፍ ሰው አታገኙም።

ጉዳት ቢደርስ የሕክምናውን ወጪ ማን እንደሚሸፍንም አስቀድሞ በጽሑፍ ይስፈር።

በመጀመሪያው ቀን ሁሉን ማሳየት

ስምንት ሰዓት የተቀመጠ ሰው የዳሌው የፊት ጡንቻ አጥሮ፣ የጭኑ የኋላ ጡንቻ ተወጥሮ ነው የሚመጣው። ይህን ሰው ወዲያው እግርህን እስከ ፊት ከፍታ አንስተህ እርገጥ ማለት ጡንቻህን ቅደድ እንደ ማለት ነው። ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሰውነት ይሟሟቅ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አቋም፣ እርምጃ፣ ቡጢና ከወገብ በታች የሆነ እርግጫ ይበቃሉ።

ስለ መጠኑም እውነቱን ንገሯቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። በሳምንት ሁለቴ 45 ደቂቃ ብትሠሩ 90 ብቻ ነው የሚሆነው። ቀሪውን በእግር ጉዞም ቢሆን መሙላት አለባቸው።

አሠልጣኝን በቀበቶው መመዘን

ጥቁር ቀበቶ ጥሩ ነገር ነው። ግን በጃፓን ስልቶች የመጀመሪያው ዳን (የጥቁር ቀበቶ ደረጃ) ስያሜ ራሱ ትርጉሙ የጅማሬ ደረጃ ነው። ለውድድር ልጆችን ያበቃ ሰው አርባ አምስት ዓመት የሞላትን የሒሳብ ሠራተኛ ማስተማር ላይችል ይችላል። አንድ ክፍለ ጊዜ ሲያስተምር ሄዳችሁ እዩት። ደካማውን ሰልጣኝ እንዴት ነው የሚያናግረው? የመጀመሪያ እርዳታስ ሠልጥኗል?

አለቃና ሠራተኛን ማጋጠም

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይህ ነው።

አንድ ቦታ ሳሠለጥን ዝምተኛ ልጅ ነበር። ፓድ ሲመታ ክፍሉን ያናውጠዋል። አንድ ቀን ፓዱን የያዘለት የቅርብ አለቃው ሆነ። ቡጢው ሟሸሸ። ዓይኑን መሬት ተክሎ ሰዓቱን ጨረሰ። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣም። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ማን ከማን ጋር እንደሚሠራ አልጠየቅኩም ነበር።

ትግል ሲሆን ይብሳል። በጁዶና በጁጂትሱ የተያዘው ሰው በእጁ መታ መታ ካደረገ ወዲያው መልቀቅ ግዴታ ነው። ሕጉ የሚሠራው ግን ሁለቱ ሰዎች እኩል ሲሆኑ ነው። አንገቱን የያዘው ሰው የደመወዝ ጭማሪውን የሚፈርምለት ከሆነ "በቃኝ" ለማለት ያመነታል። ስለዚህ አለቃና የሱን ሠራተኛ አታጣምሩ። ነጻ ፍልሚያ ደግሞ ለቢሮ ፕሮግራም ጭራሽ አያስፈልግም። ፓድ፣ ካታ (ብቻን የሚሠራ ቅደም ተከተል ያለው እንቅስቃሴ) እና የተነጋገሩበት የጥንድ ልምምድ በቂ ላብ ያስወጣሉ።

መንካትም እንዲሁ ነው። አሠልጣኙ የሰውን ትከሻ ከማስተካከሉ በፊት "ልንካዎት?" ይበል። "አይ" ያለ ሰው ምክንያቱን አይጠየቅ። ከማን ጋር መሥራት እንደማይፈልግ የተናገረም እንደዚያው። መገኘትም በፈቃድ ይሁን። የስም ዝርዝሩ አለቃ ጠረጴዛ ላይ የሚደርስ ከሆነ ፈቃድ መሆኑ ይቀራል።

ራስን መከላከል እናስተምራለን ብሎ ቃል መግባት

በአሥር ሳምንት ቢላዋ የያዘን ሰው ማስጣል አይለመድም። ይለመዳል ብሎ ማስተዋወቅ ሰውን ለአደጋ ማጋለጥ ነው፤ ያመነ ሰው መሮጥ ሲገባው ይቆማል። ማስታወቂያችሁ ላይ ጉልበት፣ ሚዛን፣ ቅልጥፍና ብላችሁ ጻፉ። ራስን መከላከል ከተነሳም የመጀመሪያው ትምህርት ከአካባቢው መሸሽ ይሁን።

ትንንሾቹ ነገሮች

ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ፣ ጥፍር ይቆረጥ። ልምምዱ በምሳ ሰዓት ከሆነ ለመታጠብና ልብስ ለመቀየር ሃያ ደቂቃ ተዉ። ልብስ መቀየሪያው የወንድና የሴት ተለይቶ ይዘጋጅ። መታጠቢያ ከሌለ ደግሞ ሰዓቱን ከሥራ በኋላ አድርጉት፤ ላቡን ይዞ ከደንበኛ ፊት መቀመጥ የሚፈልግ የለም።