ኮሪዶራስን በቤት አኳሪየም ማራባት፦ ከእንቁላል እስከ ጫጩት

ኮሪዶራስ የሚባሉት ትንንሽ አምባዛዎች እንቁላል ለመጣል ብዙም አያስቸግሩም። ኪሳራው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ መቶ እንቁላል በደስታ ተሰብስቦ በሁለተኛው ሳምንት የሚቆጠሩ ጫጩቶች ብቻ ይቀራሉ። ስለዚህ የመፈልፈያ ዕቃውንና የጫጩቶቹን ምግብ እንቁላሉ ሳይመጣ በፊት አዘጋጅታችሁ ጠብቁ።

ለጀማሪ የሚሻሉት ነሐስማው ኤኒየስና ጠቃጠቆው ፓሌያተስ ናቸው። ፓንዳ የሚባለው ዝርያም ይራባል፤ ግን በአንድ ጊዜ የሚጥለው እንቁላል ጥቂት ነው፣ ጫጩቱም ስስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ተመራማሪዎች የኮሪዶራስን ወገን ስለከፋፈሉት ኤኒየስ ኦስቲኦጋስተር፣ ፓሌያተስና ፓንዳ ደግሞ ሆፕሊሶማ በሚል ስም ተጽፈው ብታገኟቸው ግራ አይግባችሁ፤ ዓሣዎቹ ያው ናቸው።

ወላጆቹና ገንዳቸው

ሴቷን ከወንዱ ለመለየት ከላይ ወደ ታች ተመልከቱ። ሴቷ ትልቅና ከመሃል ሰፋ ያለች ናት፤ ወንዱ ቀጭንና አነስ ያለ ነው። ለአንድ ሴት ሁለት ወንድ መድቡ፤ በድምሩ ስድስት ያህል ቢሆኑ ይመረጣል። አንድ ዓመት ያልሞላቸውን ለማራባት መታገል ብዙ ጊዜ ከንቱ ድካም ነው።

ከ40 እስከ 60 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ይበቃል። ወለሉ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ደቃቅ አሸዋ አድርጉ፤ ስለታም ጠጠር ጢማቸውን ይበላዋል፣ ቁስሉም ይመረቅዛል። ማጣሪያው በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ፊልተር ይሁን። ኮሪዶራስ እየወጣ ከላይ አየር ስለሚጎርስ በውሃውና በክዳኑ መካከል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ተዉ። ሙቀቱ ለኤኒየስ ከ24 እስከ 26፣ ለፓሌያተስ ከ20 እስከ 23 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ደግሞ ከ6.5 እስከ 7.5 ባለው ውስጥ ይሁን።

ዓሣዎቹን ከቦታ ቦታ ስታዛውሩ በመረብ ሳይሆን በኩባያ ቅዷቸው። በጀርባና በጎን ክንፎቻቸው ፊት ያለው እሾህ መረብ ውስጥ ይሰካል፤ ለማላቀቅ ሲታገሉ ዓሣውም እጃችሁም ይጎዳል።

እንቁላል እንዲጥሉ ማድረግ

ለሁለት ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ ጥሩ ምግብ ስጧቸው፦ በረዶ የሆነ ቀይ የትንኝ እጭ፣ አርቴሚያ (ትንሽ የጨው ውሃ ሽሪምፕ)፣ በደንብ ታጥቦ የተከተፈ የመሬት ትል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልተበላውን አውጡ። የሴቷ ሆድ ክብ ሆኖ ሲወጠር ተዘጋጅታለች።

ከዚያ ግማሹን ውሃ አውጥታችሁ ከገንዳው በ3 እስከ 5 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ፣ ክሎሪኑ የተወገደለት ውሃ ቀስ እያላችሁ ሙሉ። በተፈጥሮ መኖሪያቸው በደቡብ አሜሪካ ዝናብ ሲመጣ ወንዙ ይቀዘቅዛል፣ ይሞላል፣ ምግብም ይበዛል፤ የምታደርጉት ይህንኑ መምሰል ነው። ካልጣሉ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ድገሙት። አሁንም ካልሆነ አንድ ሳምንት አሳርፏቸው። የአየር ግፊት ሲወርድና ዝናብ ሊጥል ሲል መሞከር ይረዳል። ደጋግማችሁ ሞክራችሁ እምቢ ካሉ ውሃው በጣም ጠንካራ (ማዕድን የበዛበት) እንዳልሆነ፣ ወንዶቹ በቂ እንደሆኑ፣ ምግቡ ደረቅ እንክብል ብቻ እንዳልሆነ ፈትሹ።

ሲጀምሩ ወንዶቹ ሴቷን ይከተሏታል። ከዚያ አንዱ ወንድ ፊቷ ላይ ይጋደማል፣ እሷም አፏን ሆዱ ላይ ትገጥማለች። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጥናት የኤኒየስ ሴት የወንዱን ዘር እንደምትጠጣና በአንጀቷ አልፎ እንቁላሉ ዘንድ እንደሚደርስ አሳይተዋል። ወዲያው የሆድ ክንፎቿን እንደ ኪስ አጥፋ ጥቂት እንቁላሎች ትይዛለች፤ ወደ መስታወቱ ሄዳ ቦታውን በአፏ ታጸዳና ትለጥፋቸዋለች። ይህ ለሰዓታት ይደጋገማል። በመሃል አትንኳቸው፣ መብራትም አታብሩ አታጥፉ። ሲጨርሱ ግን እንቁላሉ እንደጠነከረ ሳትዘገዩ ሰብስቡ፤ ወላጆቹ የራሳቸውን እንቁላል ይበላሉ።

መሰብሰብና መፈልፈል

ገና የተጣለ እንቁላል ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይፈነዳል። ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ሲጠነክር በጣታችሁ ጫፍ መስታወቱ ላይ እያንከባለላችሁ አላቁት፤ ጣታችሁ ላይ ይለጠፋል። ቅጠል ላይ ያለውን ከነቅጠሉ ቁረጡ።

ከ3 እስከ 5 ሊትር የሚይዝ ግልጽ የፕላስቲክ ዕቃ ውሰዱ። የወላጆቹን ገንዳ ውሃ ሙሉበት፤ ሙቀቱ እኩል እንዲሆን እዚያው ገንዳ ውስጥ አንሳፍፉት። የአየር ድንጋዩ (በአየር ቱቦው ጫፍ አረፋ የሚያወጣው) ውሃውን እንቁላሎቹ ላይ ያንቀሳቅስ እንጂ እንቁላሎቹን አያገላብጣቸው። ውሃው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ እስኪሆን ሜቲሊን ብሉ የሚባለውን ሻጋታ የሚከላከል ቀለም ጠብ አድርጉ፤ ልብስና የገንዳውን ሲሊኮን ስለሚያቀልም ተጠንቀቁ። እሱን የማይወዱ ሰዎች ካታፓ የሚባለውን ዛፍ የደረቀ ቅጠል ይጠቀማሉ፤ ይሠራል፣ ግን ሻጋታን የመከላከል ኃይሉ ያነሰ ነው።

እንቁላሎቹን አትከምሯቸው። ዘር ያልያዘው በአንድ ቀን ገደማ ነጭ ይሆናል፣ ከዚያ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ያበቅልና ጎን ያለውን ጤነኛ እንቁላል ያንቀዋል። ጠዋትና ማታ ነጮቹን በጠብታ መምጠጫ ልቀሙ። ጤነኛው ወደ ቡናማ እየጠቆረ ይሄዳል፤ ሊፈለፈል ሲቃረብ ዓይኑና የሚወራጨው ጅራቱ በቅርፊቱ ውስጥ ይታያል። ሁሉም ነጭ ከሆኑ ወንዶቹ አልደረሱም ወይም እንቁላሉ ገና ሳይጠነክር ተነክቷል ማለት ነው። በ25 ዲግሪ ከ3 እስከ 5 ቀን ይፈለፈላል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘገያል።

ጫጩቶቹ

ሲፈለፈሉ ሰማያዊውን ውሃ በሁለት ዙር በንጹህ ለውጡ። ለ2 ወይም 3 ቀን ከሆዳቸው ሥር ያለውን የአስኳል ከረጢት ይመገባሉ፤ በዚያን ጊዜ ምግብ መስጠት ውሃ ማበላሸት ብቻ ነው። ከረጢቱ ሲያልቅ ማይክሮዎርም የሚባል ደቃቅ ትልና አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ ይጀመራል።

አርቴሚያ ለመፈልፈል በ1 ሊትር ውሃ 25 ግራም አዮዲን የሌለው ጨው አሟሙ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የአርቴሚያ እንቁላል ጨምሩ፣ በ26 እስከ 28 ዲግሪ፣ ከመብራት ሥር፣ ጠንከር ባለ አየር አቆዩት። በ24 ሰዓት ገደማ አየሩን አጥፉና ለ10 ደቂቃ ተዉት። ቅርፊቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ብርቱካናማዎቹ ከታች ይሰበሰባሉ። ከታች ብቻ ስባችሁ በደቃቅ ጨርቅ አጥልሉና በንጹህ ውሃ እጠቧቸው፤ ቅርፊት የዋጠ ጫጩት አንጀቱ ሊዘጋ ይችላል።

ብዙ ጫጩት የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ሆዳቸው ወለሉን እየነካ ነው የሚውሉት፤ አርቴሚያ ደግሞ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ በሰዓታት ይሞትና ወለሉ ላይ ይበሰብሳል። ባክቴሪያው ክንፋቸውን ይበላል፣ አሞኒያው ይገድላቸዋል፤ ውሃው ግን ከላይ ሲታይ ጥርት ያለ ነው። በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ ጥቂት ጥቂት መግቡ። በየቀኑ በቀጭን የአየር ቱቦ ወለሉን ጥረጉ፤ ቆሻሻውን ወደ ነጭ ባልዲ አውርዱት፣ አብሮ የተሳበ ጫጩት ነጩ ላይ ቶሎ ይታያል። ወለሉን በጣት ዳብሱት፤ የሚያሟልጭ ከሆነ በንጹህ ስፖንጅ አብሱት። አንድ ሁለት ቀንድ አውጣ ማስገባት ትርፍራፊውን ያስቀንሳል። የምታወጡትን ያህል፣ ከ20 እስከ 30 በመቶ፣ ከወላጆቹ ገንዳ መልሱ፤ ሙቀቱም ጠባዩም አንድ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ከ20 እስከ 40 ሊትር ወደሚይዝ፣ ሲሠራ የቆየ (ጠቃሚ ባክቴሪያ ያደገበት) ስፖንጅ ፊልተርና ስስ አሸዋ ወዳለው ገንዳ አዛውሯቸው። አዲስ ስፖንጅ ለዚህ አይሆንም፤ ከወራት በፊት ወላጆቹ ገንዳ ውስጥ ገብቶ የቆየውን ተጠቀሙ። 1.5 ሴንቲ ሜትር ሲያልፉ ወላጆቻቸው ጋር መቀላቀል ይችላሉ፤ ትልልቆቹ ምግቡን እንዳይሻሟቸው ግን በሁለት ሦስት ቦታ በትኑላቸው።