የዶሮ ኩስ ሲጠቁርና ሲሸት፦ መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት

ጅማ ላይ ክረምቱ ሲጠነክር ከዶሮ አርቢዎች የሚሰማው አቤቱታ ያው ነው፦ ኩሱ ቡናማ ሆነ፣ ተዝለገለገ፣ ሽታው ቤት አያስገባም። ወዲያው አንቲባዮቲክ ፍለጋ ይኬዳል። ቆይ! መጀመሪያ ጉዝጓዙን ዝቅ ብለው ይመልከቱ።

ሌላው ኩስ ጠጠር ብሎ ጫፉ ላይ ነጭ ካለው፣ ቡናማው ደግሞ አልፎ አልፎ ብቻ ከታየ ዶሮዋ ጤነኛ ናት። ትንሹና ትልቁ አንጀት በሚገናኙበት ቦታ ሁለት ዕውር አንጀቶች፣ ጫፋቸው የተዘጋ ከረጢቶች፣ አሏት። ኢንዛይሟ ያልፈጨው የእህልና የፉርሽካ አሰር (ፋይበር)፣ ደቃቁና የሚሟሟው ክፍል፣ ወደዚያ ይገባል። እዚያ የሰፈሩት ባክቴሪያዎች ያለ ኦክስጅን ያብላሉትና አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የተባሉ አሲዶችን ያወጣሉ። ቡቲሬት የአንጀቱን ግድግዳ ይመግባል፤ አሲዱ ሳልሞኔላ የተባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ እንዳይመቸው ያደርጋል። ዶሮ ከዚህ የምታገኘው ጉልበት ሰጎን ከምታገኘው ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው፤ ጥበቃው ግን ትልቅ ነው። ዕውር አንጀቱ በቀን ጥቂት ጊዜ ሲራገፍ የሚወጣው ያ የሚሸተው ቡናማ ኩስ ነው። መፍትሔው ምንም አለማድረግ ነው።

መንጋው በሙሉ ውሃ የመሰለ ከጣለስ? መኖ ቀይረው እንደሆነ ያስታውሱ። ገብስ ሲበዛ የሚሟሟው አሰር አንጀት ውስጥ ያለውን ያወፍራል፣ ጉዝጓዙም ይረጥባል። ገብሱን ቀንሰው በቆሎ ይጨምሩ፤ አዲስ መኖ ከአሮጌው ጋር እየቀላቀሉ በሳምንት ያሸጋግሩ። የሻገተ በቆሎ ይጣል፤ ጆንያው በእንጨት ላይ እንጂ በእርጥብ ወለል ላይ አይቀመጥ።

ችግሩ የመጣው ከአንቲባዮቲክ በኋላ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ጠቃሚዎቹንም ባክቴሪያዎች ጎድቷል። ያለ እንስሳት ሐኪም ትእዛዝ አይደግሙት።

እናት ያላሳደገቻቸው ጫጩቶች እነዚህን ተሕዋስያን ዘግይተው ያገኛሉ። ኑርሚና ራንታላ የተባሉ የፊንላንድ ተመራማሪዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ከጤነኛ አዋቂ ዶሮ አንጀት የተወሰደ ይዘት ጫጩቶችን ከሳልሞኔላ እንደሚከላከል አሳይተዋል። ይህን አንብበው የአሮጊቷን ዶሮ ኩስ ለጫጩት እንዳይሰጡ፤ ያልተመረመረ ኩስ በሽታም ይዞ ይመጣል።

በኩሱ ደም ካዩ፣ ጫጩቶቹም ክንፋቸውን ጥለው ከተኮራመቱ፣ ኮክሲዲዮሲስ የተባለው፣ ጥገኛ ተሕዋስያን የሚያመጡት የአንጀት በሽታ ሊሆን ይችላል። የታመሙትን ለዩ፣ እርጥቡን ሰጋቱራ አውጥታችሁ በደረቅ ተኩ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጥሩ።