በይለፍ ቃል በተቆለፈ ፍላሽ ላይ የተደበቀውን ቦታ እንዴት ማስመለስ ይቻላል?

አንዳንድ ፍላሾች አብሯቸው በሚመጣ ፕሮግራም ለሁለት ተከፍለው አንዱ ክፍል በይለፍ ቃል ይቆለፋል። የይለፍ ቃሉ ሲረሳ 16 ጊጋባይት የነበረው ፍላሽ 6 ወይም 7 ብቻ ሆኖ ይታያል። 14.9 ቢታይ ግን የተደበቀ ነገር የለም፤ አምራቹ በ1000፣ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥሩ የሚመጣ ልዩነት ነው።

ከዚህ በታች ያለው ዘዴ ቦታውን እንጂ ፋይሉን አይመልስም። በተቆለፈው ክፍል የሚፈለግ ሰነድ ካለ አስቀድሞ የይለፍ ቃሉን ማፈላለግ ያስፈልጋል፤ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የራሱ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ ባለ 48 አሃዙ የመልሶ መክፈቻ ቁልፍ በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል።

በክፍቱ ክፍል ያለውን ወደ ኮምፒውተር ይቅዱ። ከዚያም ኮማንድ ፕሮምፕትን (ትእዛዝ የሚተየብበትን የዊንዶውስ መስኮት) በአድሚኒስትሬተርነት ከፍተው «ዲስክፓርት» (የዊንዶውስ የዲስክ ማስተካከያ)፣ ቀጥሎም ዲስኮቹን የሚዘረዝረውን «ሊስት ዲስክ» ብለው ይጻፉ (ትእዛዞቹ የሚተየቡት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው)።

ጥንቃቄ የሚሻው እዚህ ላይ ነው። ዲስክ 0 አብዛኛውን ጊዜ የኮምፒውተሩ የራሱ ቢሆንም፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ ባለው ኮምፒውተር ላይ ዲስክ 1ም ፍላሹ ላይሆን ይችላል። በመጠኑ ብቻ ከመገመት ይልቅ ፍላሹን ነቅሎ ትእዛዙን መድገምና የትኛው መስመር እንደጠፋ ማየት ይሻላል። መልሰው ሰክተው ቁጥሩን በድጋሚ ካረጋገጡ በኋላ «ሴሌክት ዲስክ» ብለው ያንኑ ቁጥር ይጻፉ፤ እንደገና «ሊስት ዲስክ» ሲሉ ከተመረጠው መስመር ፊት ኮከብ ምልክት ይታያል። ኮከቡን ሳያዩ የተመረጠውን ዲስክ ክፍፍል በሙሉ የሚሰርዘውን «ክሊን» አይበሉ፤ ትእዛዙ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ አይጠይቅምና።

የመጠኑንም ዓምድ ልብ ይበሉ። 14 ጊጋባይት ካለ ቦታውን የደበቀው ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍፍል) ስለሆነ በ«ክሊን» ይመለሳል። እዚያም 6 ወይም 7 ከሆነ ግን የደበቀው የፍላሹ መቆጣጠሪያ ቺፕ በመሆኑ ዲስክፓርት አይደርስበትም፤ የአምራቹ የራሱ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ቺፑን እንደገና የሚጽፉ የኢንተርኔት ፕሮግራሞችን አልመክርም፤ ከቺፑ ሞዴል ጋር በትክክል ካልተጣጣሙ ፍላሹን ጨርሶ ሊገድሉት ይችላሉ።

«ክሊን» ካሉ በኋላ ቀሪው ቀላል ነው፦ «ክሪኤት ፓርቲሽን ፕራይመሪ»፣ ከዚያም ፎርማት ማድረግና በ«አሳይን» ፊደል መስጠት። ለፎርማቱ ዓይነት፣ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል የሚይዙ ከሆነ ኤክስፋትን፣ ለቆየ የመኪና ቴፕ ከሆነ ፋት32ን ይምረጡ። ተቆልፎ የነበረው ምስጢራዊ ከሆነና ፍላሹን ለሌላ ሰው የሚሰጡ ከሆነ ደግሞ ከፓርቲሽኑ በፊት በ«ክሊን» ምትክ «ክሊን ኦል» ይጠቀሙ፤ ጊዜ ቢወስድም ዲስክፓርት የሚደርስበትን ቦታ ሁሉ በዜሮ ይሸፍነዋል፣ «ክሊን» ብቻውን ግን የፋይሎቹን ይዘት በቦታው ይተዋል።